ከሬዲዮ ማይክ ወደ ቴሌቪዥን ካሜራ፦ ቀልደኛ ተዋናይ ሲሆን ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምንስ ጥሎ?

የጦሳ ጥላ (ደሴ) — ክሩን የከፈተ

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች በሙሉ። ጉዳዬን ከመነሻው ስለማስረዳ ርዝመቱን በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ላለፉት ሰባት ዓመታት እዚሁ ከተማችን ባለ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚተላለፍ የመዝናኛ ፕሮግራም ተባባሪ አዘጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት በሠርግና በትምህርት ቤት ምረቃ መድረኮች ላይ ቀልድ አቀርብ ነበር። አድማጭ የሚያውቀኝ በራሴ ድምፅ ብቻ ሳይሆን በፈጠርኳቸው ሦስት ገጸ ባሕርያት ጭምር ነው፤ አንዱ ሸዋ በር ላይ ተሳፋሪ የሚጣራ የሚኒባስ ረዳት፣ ሁለተኛዋ በየሳምንቱ ጣቢያው ድረስ ደውለው የሚቆጡ እናት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰኞ ባቲ ገበያ ውሎ ማክሰኞ ያተረፈውን በእጥፍ የሚያወራ የፍየል ነጋዴ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ከወጣ በኋላ ወደ አየር ስንመለስ ቀልድ ይዤ ልግባ ወይስ ይቅር እያልኩ ብዙ ተጨንቄ ነበር። በመጨረሻ በመጀመሪያው ቅዳሜ እናትየዋን ብቻ አስደወልኳቸው፤ ቁጣቸውም ስለ ጠፋባቸው ጀበና ሆነ። ከዚያ አድማጮች ራሳቸው እየደወሉ ከቤታቸው የጠፋውን ዕቃ፣ አንዱ የበር እጀታ፣ ሌላዋ የልጇን የተማሪ ቦርሳ፣ እየሳቁ መዘርዘር ጀመሩ። ሬዲዮን እስከ ዛሬ የምወደው በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ የፊልም ሥራ ድርጅት በአንድ አዲስ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱን እንድጫወት ጠርቶኛል። ለሙከራ ቀረጻ ሄጄ የተሰጠኝን ገጽ እንደ ለመድኩት አነበብኩት፤ ሳቁልኝም፣ አመሰገኑኝም። ቀጥሎ ዳይሬክተሯ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ “አሁን አንተ ምንም አትናገርም፤ እሷ ታወራለች፣ አንተ ትሰማታለህ” አለችኝ። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም ነበር። ቀረጻውን መልሰው ሲያሳዩኝ ያየሁት ሰው ግን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ቅንድቡ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከንፈሩ የተዋናይቷን ቃላት እየተከተለ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ ጭኑ ላይ የሌለ የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በሬዲዮ ዝምታ ማለት ጣቢያው ተቋረጠ ማለት ስለሆነ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለትን ስፈራ ኖሬአለሁ። ዳይሬክተሯ ከሁለት ወር በኋላ ተመለስና እንደገና እንሞክርህ ብላኛለች። በዚህ መንገድ ያለፈ፣ ያለፉትን በቅርብ ያየ ወይም ታሪካቸውን ያጠና ሰው ካለ ምን ተምሬ ልመለስ?

ሆጤ ሜዳ (ደሴ)

ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሰማሃለሁ፤ ባለቤቴ እናትየዋ እውነተኛ ሰው ይመስሏት ስለነበር እውነቱን ስነግራት ለሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች። እኔ በደርግ ጊዜ፣ እነ ማሪቱ ለገሰ የወጡበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን በገነነበት ዘመን፣ የልምምድ አዳራሽ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ያደገ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን የኪነት ቡድኖች በዘፈን መሀል አጭር ጭውውት ያስገቡ ነበር። ማይክ እንደ ልብ ስላልነበረ ተጫዋቹ ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠው ሰው ጭምር በትከሻው፣ በአረማመዱ፣ ነጠላውን በሚያጣፋበት መንገድ መናገር ነበረበት። ቀልዱ ከአፉ ሳይወጣ ከእግሩ ይጀምር ነበር ማለት እችላለሁ።

ይህን የማነሳው የአገራችን ቀልደኞች ወደ ቴሌቪዥን የገቡበትን ቅደም ተከተል እንድታስተውል ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን ቀልድ የምናየው በበዓል ዋዜማ ዝግጅትና በእሁዱ “120” ፕሮግራም ላይ ነበር፤ እዚያ የሚቀርቡትም መድረክ ላይ የበሰሉ ሰዎች ነበሩ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በሁለትዮሽ ቀልዳቸው፣ ተስፋዬ ካሳ ለብቻው ቆሞ፣ ኋላም ደረጀና ሀብቴ በጭውውታቸው የታወቁት ድምፃቸውና አካላቸው አብሮ ሲሠራ ነው። የቀልድ ካሴት ቤታችን ሲገባ እንኳን እኛ በካሴቱ ውስጥ ሰውየውን እናየው ነበር፤ ምክንያቱም ቀድመን በዓይናችን አውቀነዋል። አለባቸውን ልብ በል፤ ከሁለትዮሽ ቀልድ ተነስቶ በስሙ የተጠራውን “አለቤ ሾው” እስከ መምራት ደርሷል፤ በመኪና አደጋ ባናጣው ኖሮ ምን ያህል በሄደ ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። የእናንተ መንገድ የተከፈተው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ነው። እናንተ መጀመሪያ ድምፅ ሆናችሁ፣ ኋላ ሰውነት ፈለጋችሁ፤ የቀደሙት ግን ተቃራኒ ነበሩ። ስለዚህ የጎደለህን ከካሜራ ፊት አትፈልገው፤ ተመልሰህ ሠርግ ቤት ግባ፤ ግን ያለ ማይክ።

የኮምቦልቻው መምህር

ጋሽ ሆጤ ሜዳ በተናገሩት ላይ የምጨምረው አለኝ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ደግሞ በአክብሮት እለያለሁ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን መሻገር ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ የቀልደኛ ትውልድ በሙሉ ያለፈበት በር ነው። ማን እንዴት እንዳለፈና ማን በሩ ላይ እንደቀረ ማየት ለጠያቂያችን ከምክር ይልቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካዊቷ የኮሜዲ ተዋናይ ሉሲል ቦል እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1951 በሬዲዮ የቤት እመቤት ሆና ትጫወት ነበር። መጀመሪያ ላይ ጽሑፉን ይዛ ቆማ ብቻ ታነብ ስለነበር፣ አዘጋጇ የታዋቂውን ቀልደኛ የጃክ ቤኒን የሬዲዮ ዝግጅት ስቱዲዮ ገብታ እንድታይ የመግቢያ ትኬት ሰጣት። ያን ጊዜ የሬዲዮ ቀልድ የሚቀረጸው በተመልካች ፊት ነበርና ቤኒ ለአድማጭ የማይታየውን ፊቱንና እጁን ለአዳራሹ ሰው ይሠራበት ነበር። እሷም ያን አይታ ተመልሳ በራሷ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ በአካሏ መጫወት ጀመረች፤ በ1951 ወደ ቴሌቪዥን ስትሻገር አካሏ አስቀድሞ ተሻግሮ ነበር። ከጋሽ ሆጤ ሜዳ የምለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሬዲዮ ራሱ፣ ሰው የሚያይህ ያህል ከሠራህበት፣ የአካል ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

ስለ ዝምታ ላነሳኸው ደግሞ መልሱ ያለው ቤኒ ዘንድ ነው። ቤኒ እ.ኤ.አ. በ1932 ሬዲዮ ጀምሮ በ1950 ቴሌቪዥን ገባ፤ የሚጫወተውም ሳንቲም ከእጁ የማትወጣ ቋጣሪ ሰው ሆኖ ነበር። በ1948 በተላለፈ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሽፍታ ጨለማ ውስጥ አስቁሞት ገንዘብህን ወይም ነፍስህን ይለዋል። ቤኒ ዝም ይላል። አዳራሹ ቀስ በቀስ ሳቁን ይጀምራል፤ እሱ አሁንም ዝም ነው፤ ሽፍታው ትዕግሥቱ አልቆ ሲደግምለት እያሰብኩበት ነው ብሎ ይቆጣዋል። ያ ሳቅ የመጣው ከቃሉ በፊት ነው። ቋጣሪነቱን ለዓመታት ያስለመደው አድማጭ በዝምታው ውስጥ ሰውየው ሲያሰላ ይሰማው ነበር። እንግዲህ ወንድሜ፣ ሬዲዮ ዝምታን አይችልም ያልከው የአስተዋዋቂ ፍርሃት እንጂ የቀልደኛ ሕግ አይደለም።

በሩ ላይ የቀሩትም አሉ። የአሜሪካው የካውቦይ ድራማ “ገንስሞክ” እ.ኤ.አ. በ1952 በሬዲዮ ሲጀመር የሕግ አስከባሪውን የተጫወተው ዊልያም ኮንራድ ነበር፤ ድምፁ ረጅምና ደረተ ሰፊ ሰው ይመስል ነበር። ድራማው በ1955 ወደ ቴሌቪዥን ሲዞር ግን ኮንራድ አጠር ያለና ወፍራም ስለነበር ቦታው በቁመቱ ለታወቀው ለጄምስ አርነስ ተሰጠ። በሬዲዮ በድምፁ ሕይወት የሰጠውን ሰው በቴሌቪዥን ሌላ ሰው ሲሆነው አየ ማለት ነው። የእንግሊዙ ቀልደኛ የቶኒ ሃንኮክ ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በ1954 በሬዲዮ፣ በ1956 በቴሌቪዥን ጀምሮ በሁለቱም ገነነ፤ ፊቱ ለካሜራ የተሠራ ነበር። በ1961 መኪና አደጋ ደርሶበት ቃለ ተውኔቱን ማጥናት ሲያቅተው ንግግሩ ከካሜራው አጠገብ በሰሌዳ ተጽፎ ተደረገለት። በዚያ ቀረጻ ላይ ዓይኖቹ ከባልደረባው ፊት እየሸሹ ወደ ሰሌዳው ሲሄዱ ይታያል። ቀልዱ አሁንም ያስቃል፤ እኔ ግን አንዴ ካስተዋልኩት በኋላ ከዓይኑ በቀር ሌላ ማየት አልቻልኩም። ለሬዲዮ ሰው ትልቁ አደጋ ይኸው ይመስለኛል፤ ወረቀቱ ከእጁ ቢወሰድም ዓይኑ ወረቀቱን ይፈልጋል።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

መምህር፣ የሙከራ ቀረጻዬን በስልኬ ልከውልኝ ስለነበር መልስዎን እንዳነበብኩ ተመልሼ አየሁት። አልዋሽም፤ ዓይኔ ከተዋናይቷ ትከሻ በላይ ባለ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። ስቱዲዮአችን ውስጥ የግድግዳ ሰዓቱ የተሰቀለው ልክ በዚያ ከፍታ ላይ ነው።

ድምፅ ቀራጭ (ወልድያ)

እኔ ተዋናይ አይደለሁም፤ ሁለቱንም ቦታ በሙያዬ ስለማውቅ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የሬዲዮ ሰው አፉን ከማይኩ ጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ አድርጎ ስለሚናገር፣ ድምፁ ወፍሮ የሚሰማው በከፊል ከዚያ ቅርበት ነው። ቀረጻ ቦታ ላይ ግን ማይኩ ከራሱ በላይ በዘንግ ይንጠለጠላል ወይም ደረቱ ላይ ተሸሽጎ ይለጠፋል። ያ የሚያምር ጎርናና ድምፅ እዚያ ሲደርስ ይሳሳል፤ ባለቤቱም ይህ ሲሰማው መጮህ ይጀምራል። ሁለተኛው ጉድለት እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ እስከ መጨረሻው ፊደል መጥራቱ ነው። ማዕድ ቤት ቆሞ ሚስቱን ጨው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ባል ዜና አንባቢ ሲመስል ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ አልቆጥረውም።

ሌላው ትዕይንቶች በተራ አለመቀረጻቸው ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ፣ የመጀመሪያው ክፍልም ሆነ የአሥረኛው፣ በአንድ ቀን ይቀረጻል፤ ጠዋት የተጣላኸውን ሰው ከምሳ በኋላ ገና ትተዋወቀዋለህ። አንዱን ቀልድ ደግሞ በሰፊ ምስል፣ ከዚያ በቅርብ፣ ከዚያ ከባልደረባህ በኩል ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ትደግመዋለህ። ቡድኑ እንዳይስቅ የተከለከለ ስለሆነ በሳቅ የለመደ ቀልደኛ በሦስተኛው ድግግሞሽ ቀልዱ የሞተበት ይመስለውና ማጋነን ይጀምራል። በመጀመሪያው ላይ ስኒውን በቀኝ እጅህ ካነሳኸው በዘጠነኛውም በቀኝህ፣ በዚያው ቃል ላይ ማንሳት አለብህ፤ አለበለዚያ ምስሉን የሚቆርጠው ሰው ጥሩውን ትወናህን ትቶ ስኒው የሚገጥምለትን መጥፎውን ይወስዳል። ይህን በቤትህ ቡና እየጠጣህ ልትለማመደው ትችላለህ፤ እኔ ያየኋቸው ጎበዞች ሁሉ እንዲህ አድርገዋል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሁላችሁም እንዴት እንደሚሄድ ስትመክሩት ለምን እንደሚሄድ የጠየቀው የለም። ሰይፉ ፋንታሁን ከሸገሩ “ታዲያስ አዲስ” ተነስቶ በኢቢኤስ የራሱን ሾው ሲይዝ ከአዘጋጅነት ወደ አዘጋጅነት ነው የተሻገረው፤ ስሙም፣ ጨዋታ አዋቂነቱም አብሮት ተሻግሯል። ተዋናይ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የራስህን ስም በር ላይ አስቀምጠህ ትገባለህ፤ ድራማው ከተወደደም ሕዝቡ በገጸ ባሕርይው ስም ይጠራሃል። ጠያቂያችን በሬዲዮ ደራሲም፣ ተጫዋችም፣ የአየር ሰዓቱን ከፍሎ ስፖንሰር የሚፈልግም ራሱ ነው፤ ቢጎድልም የራሱ ነው። ድራማው ላይ በክፍል የሚከፈለው ቅጥረኛ ይሆናል፤ ስፖንሰር ሲጠፋም መጀመሪያ የሚቆመው ክፍያው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ የሬዲዮ ገጸ ባሕርያቱንም፣ በተለይ እናትየዋን፣ ድርጅቱ የኔ ናቸው እንዳይል በውሉ ላይ ያስጽፍ።

የኮምቦልቻው መምህር

በውሉ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ቅጥረኝነት የተባለው ግን አልተዋጠልኝም። ጥላሁን ጉግሳ በ“ቤቶች” ውስጥ የሚጫወት ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚመራም ነበር፤ መሻገር ሁልጊዜ ባለቤትነትን ማጣት ነው ማለት አይቻልም። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።

የባቲ ልጅ

ወንድማለም፣ እኔ ወደ ጥያቄህ የምመጣው በሌላ በኩል ነው። የተጠራኸው ለችሎታህ ነው ወይስ ለአነጋገርህ? ይህን የምጠይቅህ በራሴ ስለደረሰ ነው። አዲስ አበባ በምማርበት ጊዜ በአንድ ድራማ ላይ ለአነስተኛ ሚና ተመርጬ ነበር፤ ከወሎ የመጣች የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ያ ራሱ ምንም ቅር አላለኝም፤ የቤት ሠራተኛም ሰው ናት፣ ታሪክም አላት። ቀረጻ ላይ ግን ንግግሬን አስቁመው፣ “እንደ ወሎ ሰው አድርገሽ ተናገሪ” አሉኝ። ባቲ ተወልጄ ባቲ ያደግሁ መሆኔን ብነግራቸውም ወሎ እግሩ ረግጦ የማያውቅ ረዳት ዳይሬክተር የወሎ ሰው እንዴት እንደሚናገር ዜማውን እየጎተተ አሳየኝ። እሱ ባሳየኝ መንገድ በባቲ ገበያ የሚናገር ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በየዓረፍተ ነገሩም አንድ አንድ “አብሽር” ጣል እንዳደርግ ታዘዝኩ። ሻይ ሳቀርብ አብሽር፣ በር ስከፍት አብሽር! እኛ ቤት አብሽር የሚባለው ሰው ሲከፋው፣ ሲያጣ፣ ሲፈራ ነው፤ አይዞህ ማለት ነው እንጂ የንግግር ጌጥ አይደለም።

የሬዲዮ ገጸ ባሕርያትህን የምወዳቸው የአነጋገር መሳቂያ ስላልሆኑ ነው። የፍየል ነጋዴህ የሚያስቀው ውሸቱ እንጂ ኸቤት፣ ኸገበያ ማለቱ አይደለም። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ስክሪፕቱን ቢያንስ አራት አምስት ክፍል ጠይቀህ አንብብ፤ ሰውየው ከንግግሩ ዜማ ሌላ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ ካላገኘህበት፣ ካሜራው ፊት ዝም ስትል የምታስበው ነገር አይኖርህም። ያ አንድ ደቂቃ ተኩል ያቃተህም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ድምፅ ቀራጭ (ወልድያ)

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ክሩ ከቀዘቀዘ ስለቆየ ይቅርታ፤ የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም። በጋሽ ሆጤ ሜዳ ምክር ሁለት ሠርግ ላይ ያለ ማይክ ቀለድኩ፤ በአንደኛው ከድንኳኑ ኋላ የተቀመጡት ሰዎች ምንም ሳይሰሙ ምግባቸውን ሲበሉ፣ በሁለተኛው ግን ረዳቱ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሂሳብ ሲሰበስብ በአካል ብቻ ሳሳይ ሳቁ የተጀመረው ከኋላ ነው። እህቴን በየማታው ቡና ስታፈላ ስለ ሥራ ቦታዋ እንድታወራልኝ እየለመንኩ፣ ቃል ሳልናገር ከአቦል እስከ በረካ ልሰማት ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ “አሞሃል እንዴ?” አለችኝ፤ በሳምንቱ ግን አለቃዋ ስለሚያደርስባት ነገር በዓመታት ውስጥ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ፤ እኔም እጄ የት እንደነበረ አላስታውስም።

ለሁለተኛው ሙከራ አዲስ አበባ ወርጄ አለፍኩ። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ እናትየዋም የኔ እንደሆኑ ተጽፏል። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ቀረጻ፣ አርብ ወደ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ ቅዳሜ ሬዲዮ ነው ያሰብኩት፤ ስንት ወር እንደምችለው እግዜር ይወቅ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች አንብቤአለሁ። ሰውየው ከኩታበር ነው፤ ልጁ የላከለትን ገንዘብ እንዳልደረሰው እያስመሰለ ስልክ እንድትደውልለት የሚፈልግ አባት ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ እፈራዋለሁ። ለባቲዋ እህቴ ደግሞ ይህን ልበል፤ በስድስቱ ክፍሎች ውስጥ አሥራ አንድ አብሽር ቆጠርኩ። ከጸሐፊው ጋር ተቀምጠን ዘጠኙን ሰርዘናል። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ አባትየው ፍየሉ ለታመመበት ጎረቤቱ የሚለው ነው፤ ሌላው ስልክ ላይ እያለቀሰች ላለች ልጁ የሚለው ነው። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ብናቆይ ይሻላል ይላል፤ የትኛውን ላቆይ?

የባቲ ልጅ

የልጅቷን አቆይልን። ግን ወዲያው አብሽር አይበላት፤ እንደዚያ እንደ ሽፍታው ቀልድ መጀመሪያ ዝም ይበል።

ሆጤ ሜዳ (ደሴ)

ባለቤቴ የፍየሉም አይሰረዝ ብላለች። ፍየል የታመመበትን ሰው አታውቁትም ነው የምትለው።